በ34 ዓመቴ ብሬስ ላስር?

የጥርስ ዓምድ፦ የአንባቢያንን ጥያቄ ደሴ የሚሠሩ የጥርስ ሐኪም ይመልሳሉ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ሐይቅ ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። የታች የፊት ጥርሶቼ ከልጅነቴ ጀምሮ የተደራረቡ ናቸው። የላይኞቹ ደህና ነበሩ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ግን አንዱ ወደ ፊት እየወጣ፣ ከጎኑ ካለው እየራቀ መጣ። ስስቅ የሻርፔን ጫፍ አፌ ላይ አደርጋለሁ። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ሲያስቁኝ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞራለሁ።

ብሬስ፣ ማለትም የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ ላስር ብዬ ደሴ አንድ ክሊኒክ ጠየቅኩ። ለላይና ለታች 90 ሺህ ብር፣ 40 ሺው ቅድሚያ፣ ቀሪው በየወሩ 2,500 ብር አሉኝ። ሁለት ዓመት ይፈጃል ተብያለሁ። ጅዳ ያለችው ታናሽ እህቴ «እኔ በየወሩ እልክልሻለሁ፣ አብሽሪ» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ «ልጅ የወለደች ሴት ጥርሷን በሽቦ ታስራለች? በዚህ ብር ቤት አይታደስበትም?» ብላ ተቆጣች። ባለቤቴ ዝም ብሏል። ስቦርሽ ትንሽ ይደማኛል፣ እሱ ግን የቆየ ነው።

ዕድሜዬ አልፏል ወይ? ብሩስ ለዚህ ይገባል? ሳይረፍድ ልጀምር ብዬ በዚህ ወር ቅድሚያውን ልከፍል አስቤያለሁ።

ስሜ ይቆየኝ፣ ከሐይቅ

መልስ

እህቴ፣ ቅድሚያ ክፍያውን አቆይው። ብሬስ አትሰሪ ማለቴ አይደለም። ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ጣል አድርገሽው ያለፍሽ አንድ ቃል አለ፤ እኔ እሱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስቦርሽ ይደማኛል ብለሻል። በዚያ ላይ ደህና የነበረ የላይ ጥርስ ከሁለተኛ ልጅሽ ወዲህ ቦታውን መልቀቅ ጀምሯል። እነዚህ ሁለቱ አብረው ሲመጡ እኔ መጀመሪያ የማስበው ስለ ሽቦ አይደለም፤ ስለ ድድሽ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ጥርስና የመንጋጋ አጥንት በቀጥታ አይጣበቁም። በመሃላቸው በጣም ቀጭን የጅማት ሽፋን አለ። ሽቦው ጥርሱን ቀስ እያደረገ ሲገፋው፣ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል። ጥርሱ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሞላል። ጥርሱ በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ጊዜ የሚወስደውም ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ድዱና አጥንቱ ጤነኛ ሲሆን ነው። ድዱ ታሞ ከሥሩ ያለው አጥንት እየተበላ ሳለ ጥርሱን መግፋት ጉዳቱን ያፋጥነዋል። ሁለት ዓመት ከፍለሽ፣ የተደረደረ ግን የሚነቃነቅ ጥርስ ይዘሽ መውጣት አለ።

«ልጅ ሲመጣ ጥርስ ይሄዳል» የሚባለውን ሰምተሽ አድገሻል። ከኩታበርም ከወረኢሉም የሚመጡ እናቶች ይህንኑ እየነገሩኝ ነው ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት። ልጁ ግን ከእናቱ ጥርስ ምንም አይወስድም። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞን ስለሚለዋወጥ ድድ ቶሎ ያብጣል፣ ይደማል። ቀድሞ የጠጠረ ቆሻሻ ከነበረ ይብሳል። ከወሊድ በኋላ እናቲቱ ሕፃኑን ስትል ራሷን ትረሳለች፣ ሕመሙ ሳያሳምም ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። እናም አንድ ቀን መስታወት ስታይ ጥርሷ ወደ ፊት ወጥቷል። ያንቺም እንዲህ ሊሆን ይችላል። ሳላይሽ በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ሳይታይ ግን ብሬስ መታሰር የለበትም።

ስለዚህ መጀመሪያ የጥርስ እጥበት አድርጊ። ሐኪሙ በቀጭን መለኪያ በየጥርሱ ዙሪያ በጥርሱና በድድሽ መካከል ያለውን ክፍተት ጥልቀት ይለካልሽ። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደህና ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከሥሩ ተጨማሪ ጽዳት ይፈልጋል። ራጅም ተነሺ፣ አጥንቱ የቱ ጋ እንዳለ ይታያል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ተመልሰሽ እንደገና ይለካልሽ። መድማቱ ከቆመ መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። አንዳንዴ ድዱ ሲድን የወጣው ጥርስ ትንሽ ወደ ቦታው የሚመለስበት ጊዜም አለ። ዋጋ የነገረሽ ክሊኒክ ይህን ሁሉ ሳይለካ 90 ሺህ ካለሽ፣ ዋጋውን የተናገረው አፍሽን ሳያውቀው ነው።

አሁን ወደ ዕድሜሽ። አላለፈም። ለብሬስ የዕድሜ ጣሪያ የለውም፣ በ50ዎቹ ያሉ ሰዎችም ያስራሉ። በልጅነትና በአዋቂነት መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የመንጋጋ ዕድገት ነው። ልጅ ሲሆን መንጋጋው ገና እያደገ ስለሆነ አብሮ መምራት ይቻላል። አዋቂ ላይ ጥርሱ ይሄዳል፣ መንጋጋው ግን አይለወጥም። ችግሩ የመንጋጋ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። አንቺ የገለጽሽልኝ ግን የጥርስ ነው። እና «ሳይረፍድ» የሚለውን ሐሳብ ተይው። 35 ዓመት ከሞላሽ በኋላ ብትጀምሪም ምንም የሚቀርብሽ ነገር የለም። ይህን ደጋግሜ የምለው ሰው ከፍሎ የሚጸጸተው ብዙውን ጊዜ በችኮላ ስለሆነ ነው።

ወደ ብሩ ልምጣ፤ የእናትሽ ጥያቄ መልስ ይገባዋልና።

90 ሺው የብሬሱ ዋጋ ነው። የጠቅላላው ሕክምና ዋጋ ከዚያ ይሰፋል። ራጁ ውስጡ ነው ወይስ ለብቻ? እጥበቱስ? የተቦረቦረ ጥርስ ካለ አስቀድሞ መሞላት አለበት። የታቹ መደራረብ ከባድ ከሆነ ቦታ ለማግኘት ጥርስ ይነቀል ይሆናል፤ የማስነቀያው ማን ላይ ነው? ብራኬት፣ ማለትም ጥርስ ላይ ተለጥፎ ሽቦውን የሚይዘው ትንሽ ቁራጭ፣ ሲወልቅ መልሶ ለመለጠፍ ያስከፍላሉ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ብሬሱ ሲፈታ ጥርሱ ወደ ድሮው ቦታ እንዳይመለስ የሚደረገው መያዣ፣ ሪቴነሩ፣ ተቆጥሯል? ብዙ ሰው የሚደነግጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ «ሪቴነር ለብቻው ነው» ሲባል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። 50 ሺው በ2,500 ሲከፈል በ20 ወር ያልቃል። ሕክምናው ግን 24 ወር ነው ተብለሻል። የመጨረሻዎቹ አራት ወራት ነጻ ናቸው? ከሁለት ዓመት ቢያልፍስ? ይህን በቃል አትቀበዪ። በወረቀት፣ በማህተም ይሁን።

ዋጋው እስከ መጨረሻው እንደማይጨመርም ይጻፍልሽ። ብራኬቱም፣ ሽቦውም፣ ማጣበቂያውም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የምንዛሪው ነገር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ምን ያህል እንደወረደ ሁላችንም በኪሳችን አይተነዋል። በመሃል መንገድ «ዕቃ ጨምሯል» ብትባዪ ሽቦው አፍሽ ውስጥ ነው፣ ተከራክረሽ የትም አትሄጂም።

የጉዞሽንም አስቢ። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሩቅ አይባልም። ግን ብሬስ በየ4 እና በየ8 ሳምንቱ መካከል ይታያል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ13 እስከ 26 ጊዜ መመላለስ ማለት ነው። በመሃል ሽቦ ወጥቶ ጉንጭሽን የሚወጋበት፣ ብራኬት የሚወልቅበት ቀን አለ። ክሊኒኩ ቅዳሜ ይሠራል? መምህርት ነሽ፣ በየወሩ አንድ ቀን ክፍል ማን ይይዝልሻል? ደግሞም ጠይቂ፤ ብሬሱን የሚያስርልሽ የጥርስ ማስተካከል ስፔሻሊስት ነው ወይስ ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም? ስፔሻሊስቱ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚሠራ ከሆነ በስንት ሳምንቱ ይመጣል? መንገድ ሲዘጋስ ማን ያይሻል? 400 ኪሎ ሜትር የሚመላለስ ሐኪም በጎ ነገር ነው፣ ግን እኛ ወሎዎች መንገድ መዘጋትን ከማንም በላይ እናውቃለን። እሱ በማይኖርበት ጊዜ የሚያይሽ ሰው ስም ይነገርሽ።

ስለ እህትሽ ልንገርሽ። ጅዳ ሠርታ የምትልክ እህት ያለው ሰው በወሎ ብዙ ነው፤ ያ ብር በምን ላብ እንደሚመጣም እናውቃለን። ፍቅሯን ተቀበዪ። ግን ወርኃዊ ክፍያውን እሷ ላይ አታንጠልጥዪው። የእሷ ሥራ ሊቋረጥ ይችላል፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ሊበላሽ ይችላል፣ ድንገት ልትመለስ ትችላለች። ብሬስ ደግሞ መሃል ላይ የሚቆም ነገር አይደለም። ጥርስ ተነቅሎ፣ ክፍተቱ ሳይዘጋ፣ ሽቦው ሳይታይ ወራት ቢያልፉ ከመጀመሪያው የባሰ አፍ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ሽቦው የታሰረበት ጥርስ በደንብ ካልጸዳ ዙሪያው ነጭ ነጥብ ያወጣል፣ ቀጥሎ ይቦረቦራል። እኔ ብሆን እህቴን የምጠይቃት ለቅድሚያው ነው። ወርኃዊውን ከራሴ ደመወዝና ከዕቁብ እይዘዋለሁ። ድድሽ እስኪድን ባሉት ወራት ከመምህራን ጋር ዕቁብ ብትገቢ፣ 2,500ው በየወሩ ከቤት ወጪሽ ላይ ሲነሳ ምን እንደሚመስልም በተግባር ታዪዋለሽ። ቤቱ ከተናጋ፣ መልሱን ሳትታሰሪ አገኘሽው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅኑን ተስፋ አታድርጊ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍንም።

ይገባል ወይ ላልሽው፣ የኔ መልስ አዎ ነው። እናትሽን አከብራለሁ። እሳቸው ባደጉበት ዘመን የወሎ ሴት ውበት የተነቀሰ ድድና ነጭ ጥርስ ነበር፣ ሽቦ የሚባል ነገር አልነበረም። ግን ድዱን መነቀስም ለውበት ነበር፤ ያውም በመርፌ። አንዲት መምህርት ተማሪዎቿ ሲያስቋት ፊቷን ወደ ሰሌዳ የምታዞር ከሆነ ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጆቹ የመምህርታቸውን ሳቅ ማየት አለባቸው። የተደራረበ የታች ጥርስ ብሩሽ ስለማያስገባ ቆሻሻ ያጠራቅማል፣ ስለዚህ ከውበትም ያለፈ ጥቅም አለው። ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ አስረጃቸው።

ርካሹን መንገድ ከፈለግሽ ተራውን የብረት ብሬስ ያዢ። አያፍሩበትም፣ ሥራውንም አሳምሮ ይሠራል። የጥርስ ቀለም ያለው የሴራሚኩ ዋጋው ይወደዳል፣ ብራኬቱን የሚይዘው ነጭ ላስቲክ ደግሞ እርድ የገባበት አልጫ በበላሽ ማግሥት ቢጫ ይሆናል። አላይነር የሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ለምግብም ለቡናም ይወጣል። እኛ አገር ቡና አቦል ቶና በረካ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል እዚያው ይሄዳል። በቀን ሁለት ጊዜ ቡና ለምትጠጣ ሴት አላይነር አልመክርም። ችግሩ የፊት ጥርሶች ብቻ ላይ ከሆነና ንክሻሽ ጤነኛ ከሆነ፣ ጥቂት ጥርስ ላይ ብቻ የሚታሰር አጠር ያለ ሕክምና ይቻል እንደሆነም ጠይቂ። አንድ ነገር ግን እንቢ በይ፤ «ጥርሱን ሞርደን ክራውን (የጥርስ ሽፋን) እናለብስሽ፣ በሁለት ሳምንት ያልቃል» ከተባልሽ። ጤነኛ ጥርስ አንዴ ከተሞረደ አይመለስም።

የጆሮ ጌጥሽ የሚያሳክክሽ፣ ጆሮሽን የሚያቆስልሽ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪ። ሽቦው ውስጥ ኒኬል አለ።

ከታሰርሽ በኋላ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ አጥንት መጋጥ ይቀራል። በተለይ ቆሎ። አንዲት የሽንብራ ፍሬ ብራኬቱን ከጥርሱ ላይ ትነቅለዋለች፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ እስኪደርስ ያ ጥርስ ባለበት ይቆማል። ቡና ቁርሱን ወደ አምባሻ ቀይሪው። መፋቂያ ለምደሽ ከሆነ አትጥዪው፣ ግን ብቻውን ከሽቦው ሥር አይገባም፤ በጥርስ መሃል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ አለች፣ እሷን ግዢ። ሽቦው በተጠበቀ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን ያማል። በረመዳን ቀጠሮ ከደረሰ ወደ ማምሻው አድርጊው፣ ማስታገሻውን በአፍጥር ትወስጃለሽ።

ሪቴነሩ ዕድሜ ልክ ነው። ይህንን የሚነግር ጥቂት ነው። ጥርሱ ሲደረደር ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ አጥንቱ ግን ገና ያልደረቀ ጭቃ ውስጥ እንደቆመ ምሰሶ ነው የያዘው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ቀንም ሌሊትም፣ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ይደረጋል። ወይም ከጥርስ በስተጀርባ ቀጭን ሽቦ ይለጠፋል። ድድሽ ታሞ የነበረ ከሆነ እኔ የተለጠፈውን እመርጥልሻለሁ።

ለእህትሽ ዛሬ ማታ ስትደውይላት የእጥበቱንና የራጁን ብቻ ላኪልኝ በያት። ቀሪውን ከሁለት ሦስት ወር በኋላ፣ ድድሽ እንደገና ከተለካ በኋላ ትነጋገራላችሁ።

ጥያቄ

ዶክተር፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው፣ 27 ዓመቴ ነው። ፍንጭት ነኝ። ቪዲዮ ላይ ሰዎች ሁለቱን የፊት ጥርስ በትንሽ ላስቲክ አስረው ሲዘጉት አየሁ። ላስቲኩ በጣም ርካሽ ነው። ልሞክረው?

መልስ

ወንድሜ፣ በጭራሽ እንዳትሞክረው። ዛሬም አስረኸው ከሆነ አሁኑኑ ፍታው። የጥርስ ሥር ወደ ውስጥ እየቀጠነ ነው የሚሄደው። ላስቲኩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይንሸራተትና ድድ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አይታይም። ጥርሱን የያዘውን ጅማትና አጥንት እየበላ ይወጣል። ሰውየው ላስቲኩ የጠፋ ይመስለዋል፣ ድዱ ያብጣል፣ ጥርሱ ይረዝማል፣ ይነቃነቃል። በዚህ መንገድ ሁለት ጤነኛ የፊት ጥርስ ማጣት አለ። የጠፋው ላስቲክ ካለ ክሊኒክ ሄደህ ይፈለግልህ፣ ቀጠሮ አትጠብቅ።

መዝጋት ከፈለግህ ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ በጥርስ ቀለም መሙያ ጎንና ጎኑን መሙላት ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል፣ ከብሬስም በብዙ ይረክሳል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ብሬስ ነው። የላይ ከንፈርህን ከድድህ ጋር የሚያያይዘው ጅማት ወርዶ በሁለቱ ጥርሶች መሃል ገብቶ እንደሆነም ይታይልህ፤ እሱ ካልተነካ የተዘጋው ተመልሶ ሊከፈት ይችላል።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን ፍንጭትህን አትንካው። በአገራችን ጥርሰ ፍንጭት ተብሎ የሚወደስ ውበት ነው፣ ምንም በሽታ የለበትም። ያስቸገረህ ሰው ካለ እሱ ነው ሐሳቡን መቀየር ያለበት።

ጥያቄ

ብሬሴ ከተፈታ ዓመት ሆነው። የሚወልቀው ሪቴነሬ ቤት ስንቀይር ጠፋ፣ ሦስት ወር አልፎታል። አንድ የታች ጥርስ ዞር ያለ ይመስለኛል። ሌላ ለማሠራት ብር እስካገኝ ብቆይስ? ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

መልስ

አትቆይ። በዚህ ሳምንት ሂድ። አሁን ጥርሱ ትንሽ ነው የዞረው፤ አዲስ ሪቴነር ባለበት ያቆመዋል፣ ምናልባትም መልሶ ያስገባዋል። ብዙ ከቆየህ ግን ሪቴነር ላይበቃ ይችላል፣ የምትጠየቀውም የብሬስ ዋጋ ሊሆን ይችላል። የድሮው ከተገኘና ሲገባ የሚያጣብቅህ ከሆነ በኃይል አትግፋው፣ ይዘኸው ና። አዲስ ሲሠራልህ ለቅርጹ የተወሰደው የጥርስህ ሞዴል እንዲሰጥህ ጠይቅና ቤትህ አስቀምጠው፤ ዳግም ቢጠፋ በእሱ ላይ ይሠራልሃል።